ወደ ታች የሚጎትት መቶ

መቶ እኮ ነው፣ ዘጠና ዘጠኝ እንኳ አይደለም፣ ድፍን መቶ፣ ሰው መቶ አምጥቶ እንዴት ይወድቃል፣ ይወድቃል እንጂ፣ ይኸው ያዲራ እየወደቀች አይደል፣ ከአማካሪዋ ቢሮ በር እስከ ውሃ መጠጫው በተዘረጋው ሰልፍ መሃል ቆማ፣ እርጉዝ የሚመስለውን የሜክሲኮ ማሪያቺ ባንድ ትልቅ ጊታር፣ ጊታሮኑን፣ በጀርባዋ አዝላ፣ አንዲት ወረቀት ጨብጣ፣ በመቶ ትወድቃለች። ማንገቻው ትከሻዋን ይበላታል። አሁን አውርጂው፣ አታወርደውም፣ ካወረደችው መልሳ የምታነሳው አይመስላትም።

ጠዋት ለአባቷ ነግራዋለች። አባቷ ዶን ቴዎ ጎሚስታ ነው፣ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀምጦ ሌላ ጎማ እየለጠፈ፣ ስማኝ አባዬ፣ ከባድ በሚባሉት ትምህርቶች መቶ ካመጣህ መቶ አስር ብለው ነው የሚይዙልህ፣ ማሪያቺ ግን ሙዚቃ ነው፣ ከባድ አይባልም፣ መቶ ብታመጣ ያው መቶ ነው፣ የኔ አማካይ ከመቶ በላይ ስለሆነ መቶዋ ወደ ታች ትጎትተኛለች። አባቷ አሰበ፣ አሰበ። ቆይ፣ ብትወድቂስ? ብወድቅማ ይብስብኛል። አንደኛ ብትወጪስ? ያው ይጎትተኛል። እሺ፣ አለ፣ እንደ አክስትሽ ባል በይኛ፣ ሲጠጣም ይሳደባል ሳይጠጣም ይሳደባል። ሳቀች፣ ሊያስቃት ብሎ ነው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። አንድ እርምጃ።

ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ከየትምህርት ቤቱ ከላይ ያሉትን ዝም ብሎ ነው የሚወስደው፣ ድርሰት ጻፉ የለ፣ ምስክር አምጡ የለ፣ ስምህ ከመስመሩ በላይ ከሆነ ገባህ፣ እዚህ ትምህርት ቤት መስመሩ የሚሰመረው ሠላሳኛው ላይ ነው፣ ያዲራ ሠላሳ አንደኛ ናት። እንዲህ ያለ ቁጥር አለ? ሠላሳ አንደኛ። ሃምሳኛ ብትሆን ተኝታ ታድር ነበር። ደረጃው የሚቆረጠው በዚህ ሴሚስተር መጨረሻ ነው፣ ትምህርት መቀየር የሚቻለው ደግሞ እስከ ዛሬ፣ ማሪያቺን አስወጥታ ከባዱን ሥነ ልቦና ካስገባች ትወጣለች፣ በጥቂት ነጥብ፣ ግን ትወጣለች፣ ሠላሳኛውን ዘልላው።

ሠላሳኛው ከኋላዋ ቆሟል። ራሚሮ። አንገቷ ላይ ይተነፍሳል፣ የበላው የእንቁላል ጥቅልል ይሸታታል፣ እሱም ወረቀት ይዟል፣ የሱ ብየዳ ነው፣ ብየዳም ከባድ አይባልም፣ ባለፈው ዓመት በአሳማ ቅርጽ የሥጋ መጥበሻ ሠርቶ ዋንጫ የበላ ልጅ፣ ጭሱ በአሳማው አፍንጫ ነው የሚወጣው፣ ብየዳ ቤቱ ከሙዚቃ ክፍላቸው ጀርባ ስለሆነ ብረት ሲቀጠቅጥ ይሰማታል፣ ሁለቴ ይመታል፣ ከዚያ ሥራውን ለማድነቅ ያቆማል፣ እንደገና ሁለቴ፣ ምታቸውን ያበላሽባቸዋል፣ ስንቴ ግድግዳውን በቡጢ ደብድባለታለች፣ አንተ! ዝም በል! አንቺ ዝም በይ፣ በርሜል ተሸካሚ!

አሁን ግን ድምፁ ቀጭን ነው። ልታስወጪው ነው አይደል፣ ይላታል።

አንተስ?

አንቺ ካላስወጣሽ እኔም አላስወጣም። አንቺ ካስወጣሽ ግን ትበልጪኛለሽ፣ ስለዚህ አስወጣለሁ።

ሁለታችንም ካላስወጣን አንተ ሠላሳኛ እኔ ሠላሳ አንደኛ፣ ለማን ተመቸ ይሄ?

ለኔ፣ ይላል ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ሁለቱም ሳቃቸው ያመልጣቸዋል፣ ከፊት ያለችው ልጅ ዞራ ታያቸዋለች፣ ዋሽንት ይዛለች፣ ዋሽንቷን ልትጥል ነው የመጣችው፣ ከሷ ፊት ያለው ልጅ ጥፍሩ ሥር ቀለም አለ፣ ሥዕሉን ሊጥል ነው፣ ያዲራ ሰልፉን እስከ በሩ ታየዋለች፣ ሁሉም መቶ ያመጣበትን ታቅፎ ሊጥል ነው የቆመው፣ እና ሁላችንም አንዳንድ ደረጃ ከወጣን ማን ወጣ? ሰርከስ ሊያይ የመጣ ሰው ሁሉ በእግሩ ጣት እንደመቆም፣ ማንም የተሻለ አያይም፣ የሁሉም ጣት ያማል። ብትወርድስ? አንድ ሰው ተረከዙን መሬት ቢያስነካስ? አንድ ሰው ቢያስነካማ ሰርከሱን አያየውም። በቃ።

አንድ እርምጃ።

ደግሞ ሰርከስ አይደለም የፈለገችው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ሰፈራቸው ወንዝ ይሆናል፣ የአባቷ ጎማዎች ተነስተው ይዋኛሉ፣ አንዴ እሱና እሷ እስከ ጉልበታቸው በደረሰ ውሃ ውስጥ እየሮጡ ሲሰበስቡ አንድ ጎማ የቄሱ በር ላይ ተገኘ፣ አባቷ፣ ንስሐ ሊገባ ነው የሄደው፣ አለ፣ እንደዚያ አለ እንጂ አዲስ የገዛው ማሽን ያን ቀን ተበላሽቶበት ነበር፣ ውሃው ገብቶበት። እሷ ውሃ መሄጃ ማበጀት ነው የምትፈልገው፣ ከመንገዱ ሥር፣ በትልቅ ቱቦ። ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ነው ይሄን የሚያስተምረው። ሌላም ቦታ አለ፣ ሩቅ ነው፣ ውድ ነው። ይሄኛው ሠላሳኛዋን በነጻ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል። ሠላሳ አንደኛዋን ማን ያውቃል።

ለጊታሮን ብለሽ? ለዚህ በርሜል?

መርጣ እንኳ አልወሰደችው፣ ዘጠነኛ ክፍል ስትገባ ቫዮሊኑ አለቀ፣ ትራምፔቱ አለቀ፣ የቀረውን አንሺ አሏት፣ የቀረው ይሄ ነበር፣ ቁመቷና ቁመቱ እኩል፣ ቤት ስትገባ አባቷ፣ ኧረ ጊታሮኑ ልጄን ይዟት መጣ፣ አለ። ሁለት ገመድ አንድ ላይ ነው የሚጎተተው፣ ጣቷ ደማ፣ ቆሰለ፣ ደነደነ። ዘፋኙን ሰው ያያል፣ ትራምፔቱን ሰው ያያል፣ እሷን ማንም አያይም፣ ስታቆም ግን ሁሉም ይደነግጣል፣ ወለሉ የተነሳ ይመስላቸዋል። አንድ ልደት ላይ ገመዱ ተበጠሰባት፣ ምን ታድርግ፣ በአፏ ቀጠለች፣ ዱም፣ ዱም፣ ዱም፣ ሽማግሌዎቹ እየሳቁ ጨፈሩ፣ ባለ ልደቷ ከናቷ ጋር ጨፈረች፣ ያን ለት ደረጃዋ ስንት ነበር? አታስታውሰውም። ለምን አታስታውሰውም፣ ሁልጊዜ ታስታውሳለች እኮ።

ትናንት ለማሪያቺ አስተማሪዋ ለቲቸር ኦሊቫሬስ ነገረቻቸው። እኔም አንቺን ብሆን ይሄንኑ ነው የማደርገው፣ አሉ። የቅዳሜው ውድድርስ ቲቸር? ያለ ጊታሮን እንወጣለን፣ ምን አለበት፣ ቀለል እንላለን። ዞረው የተቃኘ ቫዮሊን መቃኘት ጀመሩ። ቢቆጧት ምን ነበረበት፣ አንቺ ከሃዲ ቢሏት፣ በሩን በላይዋ ቢዘጉባት። አባቷም ያው፣ ወረቀቱን ስትሰጠው እጁን ታጠበ፣ አየው፣ ደግሞ ታጠበ፣ እንዳያቆሽሽባት። በርሜሉንስ ምን እናድርገው፣ ድመቷ ትውለድበት? ከዚያ፣ እዚህ ጋ ነው የምፈርመው? አለና ፈረመ። አይሆንም አላለም። ማንም አይሆንም አይላትም። ሁሉም ደግ ሆነባት፣ ደግ ሰው መሃል የቆመ ሰው ማን ላይ ይጮሃል?

ከኮሪደሩ ጫፍ ይሰማታል፣ ከባንዱ ልጆች ምሳቸውን ቶሎ የበሉት እየተለማመዱ ነው፣ ቫዮሊን፣ ትራምፔት፣ ከሥሩ ባዶ። ባዶ፣ ባዶ፣ ባዶ። ጣቷ ማንገቻው ላይ ይንቀሳቀሳል፣ ተው፣ ትለዋለች ጣቷን፣ አረፍ በል።

ያንቺ ተራ ነው፣ ይላታል ራሚሮ። ስሚ፣ ያዲራ። ምን? ምንም።

አማካሪዋ ሚስስ ትሬቪኞ መነጽራቸውን ፀጉራቸው ላይ ሰክተው ጠረጴዛው ላይ ይፈልጉታል። ግቢ የኔ ቆንጆ፣ ያንን ግን በር ላይ ተይው፣ ባለፈው አበባዬን ገልብጦብኛል። አጥብቄ እይዘዋለሁ፣ ትላለች። አናትዎ ላይ ነው መነጽርዎ። ውይ፣ ተባረኪ። በይ አምጪው። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትዘረጋለች፣ ከፊርማው አጠገብ የአባቷ አውራ ጣት የዘይት አሻራ አለ፣ ደብዘዝ ያለ፣ ሁለቴ ታጥቦም አልለቀቀውም። ያዲራ አሻራውን ታየዋለች። ከማሪያቺ ወደ ሥነ ልቦና፣ ይላሉ ሴትየዋ ኮምፒውተሩ ላይ እየጻፉ፣ ጎበዝ፣ ብልህ ነሽ፣ እዚህ በር ላይ የሚያለቅሱትን ብታዪያቸው፣ በቃ አልቋል፣ ልጫነው?

አሁን። አሁን አንድ ሰው ይግባ። ይኸው አሁን አይሆንም በሏት፣ አንቺ ልጅ አብደሻል በሏት፣ ተናድዳ፣ በሩን ወርውራ፣ እንቢ ካላችሁማ ብላ ትወጣ ነበር፣ ተናድዶ መውጣት እንዴት ደስ ይላል፣ ጎማዎቹ እየዋኙ ነው፣ ማሽኑ ውስጥ ውሃ ገብቷል፣ ሠላሳኛ፣ እጁን ዘርግቶ፣ የሴትየዋ ጣት ቁልፉ ላይ ነው፣ ጥፍራቸው ሮዝ ነው፣ ዱም፣ ማን ነው በአፉ ዱም የሚለው፣

አይ።

አይ? ይላሉ ሚስስ ትሬቪኞ።

ያዲራ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞር ልትል ምንም አልቀራት። አይጫኑት፣ ትላለች።

እርግጠኛ ነሽ?

አይደለሁም።

ሴትየዋ ያዩዋታል፣ ጊታሮኑን ያዩታል። እንግዲህ በረጅሙ መንገድ ነው የምታመለክቺው፣ ድርሰት ትጽፊያለሽ፣ ምስክር ትሰበስቢያለሽ፣ ዕድልሽ ደግሞ፣ እጃቸውን እንደ ጀልባ ያወዛውዛሉ። ምን ብለሽ ትጽፊላቸዋለሽ ለመሆኑ? አላውቅም፣ ስለ ጎርፍ ይሆናል፣ ትላለች፣ ወረቀቱን አጣጥፋ ትነሳለች፣ ስትነሳ በርሜሉ ዞሮ አበባውን ይገለብጠዋል።

ውጪ ራሚሮ ፊቱ ነጭ ሆኗል። አስወጣሽ?

አላስወጣሁም።

ውሸታም።

በማርያም።

ታዲያ ለምን ትነግሪኛለሽ? ዝም ብትይ እኮ እኔ ብየዳዬን ጥዬ፣ ቆይ፣ ከሰልፉ ልታስወጪኝ ነው አይደል፣ ስወጣ ተመልሰሽ ልትገቢ፣ አውቅሻለሁ እኔ።

የፈለግከውን አድርግ፣ አሳማ፣ ትለዋለች፣ ወረቀቱን ኪሷ ውስጥ ትከተዋለች። ምን አደረግሽ፣ ምን አደረግሽ አንቺ፣ ተመለሺ፣ ገና ነው፣ በሩ ክፍት ነው። እግሯ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ነው የሚሄደው፣ እሷ ኋላ ኋላ ታያለች፣ ራሚሮ በሩ ላይ አንድ እግሩ ውስጥ አንድ እግሩ ውጪ ነው፣ ከዚያ ኮሪደሩ ይታጠፋል፣ ከዚያ አይታይም።

ደወል። ቲቸር ኦሊቫሬስ ወገባቸውን ይዘው ቆመው፣ ዘገየሽ፣ ይላሉ፣ ያ ብቻ፣ ድምፃቸው ግን ትንሽ ይሰበራል፣ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሁለቱን ገመድ ትጎትታለች፣ ዱም፣ ጣቷን ያማታል፣ ዱም፣ ሠላሳ አንደኛ፣ ዱም፣ ለአባቷ ምን ትለዋለች፣ ድመቷ ሌላ ቦታ ትፈልግ፣ ዱም፣ ጆሮዋ እዚህ አይደለም፣ የብየዳ ቤቱ ግድግዳ ጋ ነው፣ ከግድግዳው ጀርባ ዝም ነው፣ አንድ ሰው ወንበር ጎተተ፣ ዝም፣ ጨርሶታል፣ ፈርሟል፣ ሞኝ፣ አላመናትም፣ ማን ያምናል፣ እሷስ ብትሆን ታምን ነበር? ዱም፣ ትራምፔቱ ገባ፣ ከትራምፔቱ ሥር፣

ጓ ጓ።

ከዚያ ዝምታ፣ ሥራውን የሚያደንቅ ሰው ዝምታ።

ጓ ጓ።

ምታቸውን ያበላሻል፣ ሁልጊዜ እንደሚያበላሸው፣ ቲቸር ግድግዳውን ያፈጡበታል፣ ያዲራ በቡጢ ልትደበድብለት እጅ የላትም፣ ሁለቱም ገመዱ ላይ ናቸው።