ሰማያዊው ክዳን

ሰማያዊ ክዳን ያለው አራተኛው ጠርሙስ ብቻ መሆኑ ትርጉም እንዳለው ያስተዋልኩት ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የፍሳሽ ውኃ በሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ጠርሙስ አጣቢ ነኝ። ልጄ እዚያው ኬሚስት ናት። ሥራዋ ፕላስቲክ የሚያለሰልሰውን ኬሚካል ከፋብሪካ ፍሳሽ ነጥሎ ማውጣት ነው። ማውጫውን ፈሳሽ ስትቀያይር፣ ጠርሙሱን አንዴ አሥር፣ አንዴ ሃያ ደቂቃ ስትንጥ ከረመች። አራተኛው ጠርሙስ ግን ለማመሳከሪያ የተቀመጠ ንጹሕ ውኃ ነው። ምንም ሊኖርበት አይገባም። ሰባተኛው ደቂቃ ላይ ግን ኬሚካሉን የሚያሳየው የማሽኑ መስመር ቀስ ብሎ ያብጥና መልሶ ይተኛል።

"እንግዳው ዛሬም መጣ፤ ወንበር አቅርቡለት!" ይላል ቴክኒሻኑ።

ልጄ አትስቅም። ነገም ከታየ ሥራው ከእጇ እንደሚወጣ አለቃዋ ነግሯታል።

የፈራሁት አልቀረም። ያን ክዳን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ነጩ ክዳን ተሰንጥቆብኝ፣ "ደግሞ ዕቃ ሰበረች" እንዳልባል ከቤት አምጥቼ ስገጥመው ልክክ አለ። ልጄም አይታ፣ "ጥሩ፣ ሰማያዊው ለንጹሑ ይሁን፤ እንዳይምታታብኝ" አለች።

"የኔ እናት፣ ክዳኑ የኔ ነው" አልኳት። "የፕላስቲክ ዕቃ ክዳን ነው።"

ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ያለቀሰች መስሎኝ ቀረብኳት። እየሳቀች ነበር።

"እማዬ! እንግዳውን በቦርሳሽ ይዘሽ የምትመጪው አንቺ ነሽ ለካ!"

ጠርሙሱን ደግሜ አጠብኩ፤ እሷ በመስታወት ክዳን ዘጋችው። ሰባት ደቂቃ ሆነ፤ ስምንት። መስመሩ አልተነሣም። ቴክኒሻኑ አጨበጨበ።

"የምን ዕቃ ክዳን ነበር?" አለችኝ ጋዋኗን እያወለቀች።

"እኔ እንጃ፣ ወድቆ ያገኘሁት ነው።"

ዋሸኋት። የአባቷ የፕላስቲክ ኮዳ ክዳን ነው። ታሞ በተኛበት ዓመት ሁሉ ትኩስ ውኃ እየሞላሁ ራስጌው አስቀምጥለት ነበር።

"ውኃው ይሸተኛል" ይለኝ ነበር።

"አፍህ መርሮህ ነው፤ ጠጣ" እለው ነበር።

ጠጣ።

የሞተው ከዚያ ይሁን አይሁን የሚነግረኝ ማሽን የለም። ቤት ስንገባ ኮዳው መደርደሪያው ላይ አፉን ከፍቶ ቆሟል። ልጄ ሳታየኝ በነጠላዬ ሸፍኜ ወደ ውጭ አወጣሁት፤ ከደረጃው ሥር አስቀመጥኩት።

"እማዬ፣ የሚጠጣ ውኃ አለ?" አለች ከውስጥ።

"ከቧንቧ ቅጂ። በብርጭቆ።"

ከኮዳው በኩል የሆነ ነገር የሸተተኝ መሰለኝ። ገባሁ፣ ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት።