የጉሮሮው ሰፍነግ

«ባሕሩ ሳይከፋ ካልወረድን እኮ ስድስት ወር መጠበቅ ነው» አለች ኬሚስቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የሟች ሚስት ጆሮ ግን ያን ቀን አልከዳትም። ለለቀስተኛው ሻይ ልትቀዳ ፔርሙዝ ይዛ በኮሪደሩ ስታልፍ፣ ገርበብ ባለው የወጥ ቤት በር ሦስት ራሶች ገጥመው አየች። ኬሚስቷ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም፣ መሃላቸው ደግሞ ጠላቂዋ ልጇ።

«መድኃኒቱን የሚወስዱት ስንት ናቸው?» አለች ልጅቱ።

«አሥራ አንድ። ያለን ለሦስት ሳምንት አይበቃም» አለ ሐኪሙ። «አንዷ ባንቺ ዕድሜ ናት። ከስንት ጊዜ በኋላ ትናንት ሳታቃስት አደረች።»

እናት ፔርሙዙን እንዳቀፈች ደርቃ ቀረች። ባሌን በልተው አልጠገቡም እንዴ፣ አለች በልቧ።

ሳሎን ውስጥ አንዲት ጎረቤት ለሌላዋ ታንሾካሹካለች። «ለመሆኑ በምንድን ነው የሞተው?»

«በመድኃኒት።»

«ውይ በሞትኩት! ማን አደረገበት?»

«ኧረ አንቺ ደግሞ! መድኃኒት ሲፈልግ ነው።»

እሱ ቢሰማ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሰፈርተኛው «አባ ሰፍነግ» ይለዋል፤ ሥራው ከባሕር ሰፍነግ የካንሰር ሕመም ማስታገሻ ማውጣት ነበርና። ቢሞቱ የማይቀባበሩ የአራት ተቋም ተመራማሪዎችን ከዚህ ቤት ጠረጴዛ ዙሪያ የሰበሰበው እሱ ነው። የመጀመሪያው ቀን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብሎ ንግግር ሲጀምር ኬሚስቷ አቋረጠችው።

«ድሩስ ይሁን፣ አንበሳው የታል?»

እሱም ከባልዲ ውስጥ ውኃ የሚያንጠባጥብ ሐምራዊ ሰፍነግ አንስቶ በእራት ሳህን ላይ አቀረበላት። ሽታው ለሳምንት ከቤቱ አልወጣም፤ ሚስቱም ሳህኑን ወርውራ ጣለችው። ያገኘውን ሁሉ ለሁሉም ይናገራል። «መድኃኒቱን የሚደብቅ ጠንቋይ ብቻ ነው» ይላል። በዚህ የተነሳ ተኮራርፈው የነበሩት ሰዎች ቀስ በቀስ የየራሳቸውን ግኝት ማውጣት ጀመሩ።

ሰፍነጉ የሚበቅለው ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ አፉ በጠበበ የባሕር ሥር ዋሻ። ውኃውን ወደ ውስጥ ይስባል፣ መልሶ ይተፋል። ጠላቂዎቹ «ጉሮሮው» ይሉታል። በመጨረሻው ቀን ጉሮሮው አባ ሰፍነግን ሳበው፤ አልተፋውም። ሁለት ጊዜ ፈልገው አጡት። ለቀስተኛው የሚያለቅሰው መቃብር ለሌለው ሰው ነው።

እናት የወጥ ቤቱን በር በክርኗ ገፍታ ገባች።

«አንቺ፣ ስንት ዓመት ከገበታዬ በልተሽ አሁን ልጄን ልትወስጂብኝ?»

ኬሚስቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እትዬ፣ በሞተው ይሁንብኝ፣ እኔ አልጠየቅኋትም። እሷ ናት የጠራችን።»

እናት ወደ ልጇ ዞረች።

«ያን ቀን ተራው የኔ ነበር» አለች ልጅቱ። «ጉንፋን ይዞሻል ብሎ የአየር ሲሊንደሩን ከጀርባዬ አወረደው።»

ይህን ለማንም አልነገረችም ነበር። ሐኪሙ መሃል ገባ።

«ሰፍነጉ እኮ ያለው የዋሻው በር ላይ ነው፣ እትዬ። ወደ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ቆርጦ መመለስ ነው።»

«ሰማሽ?» አለች እናት። «ከበሩ አታልፊም፣ አይደል?»

ልጅቱ ወለሉን አየች።

«ማይልኝ።»

«እማዬ፣ አባዬ እኮ እዚያው ነው ያለው።»

እናት ፔርሙዙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ፈራች፤ በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ አታውቅም። የማያቃስቱበትን ሌሊት የሚጠብቁትን አሥራ አንድ ሰዎች ጠላቻቸው፤ ስለጠላቻቸውም በራሷ አፈረች። ልጅቱን ደግሞ ታውቃታለች፤ የአባቷ ልጅ ናት፣ አትሂጂ ቢሏት በመስኮት ትወጣለች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሊወስዳት የመጣው መኪና ደጃፉ ላይ ቆመ። ልጅቱ ቦርሳዋን አንግታ፣ ፀጉሯን እንደለቀቀች ወጣች።

«ነይ ቁጭ በይ» አለች እናት። «ፀጉርሽ ጭንብሉ ውስጥ ይገባብሻል።»

ልጅቱ ከእናቷ ጉልበት መሃል ተቀመጠች። እናት ከመሃል አናቷ ጀምራ አጥብቃ ጎነጎነች። ጫፉ ላይ ስትደርስ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ጫፉን በሁለት ጣቶቿ ይዛ ቆየች።

«ተጣሞብኛል» አለችና እስከ ሥሩ ፈታችው። እንደገና ከአናቷ ጀመረች።