ባዶ የተባለው ቦታ

ሱክዪን የሆንግ ኮንግ ልጅ ናት፤ ሥራዋ ዘጋቢ ፊልም ነው። ያን ሰሞን ድንበር ተሻግራ፣ የጌጥ ድንጋይ ሲቆርጡ አቧራው ሳንባቸውን የበላባቸውን ሠራተኞች ስትቀርጽ ሰንብታ እየተመለሰች ነበር። በኢንተርኔት መላኩን ስላላመነችው፣ የቀረጸችው ሁሉ ያለው አንዲት ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው።

ዲስኳን ያዘጋጀላት ባልደረባዋ ክዎክላም ነው። ሁለት የይለፍ ቃል አላት፤ አንዱ የሚታየውን ክፍል ይከፍታል፣ ሌላው ባዶ ቦታ መስሎ የተሸሸገውን።

"በሚታየው ክፍል የሚያሳፍርሽን ነገር አስቀምጪ" ብሏት ነበር። "ባዶ ቤት ማን ይቆልፋል?"

ከአንድ ባለትዳር ጋር የተላላከችውን የድምፅ መልእክት አስቀመጠችበት።

ኬላው ላይ አንድ ቀጭን መኮንን ከሰልፉ አወጣት። አንደኛውን ቃል ሰጠችው። ጥቂት አዳመጠና ፈገግ አለ።

"ለዚህ ነው የቆለፍሽው?"

"እርስዎ ቢሆኑ ክፍት ይተዉት ነበር?"

"ሁለተኛውስ ቃል?"

"የምን ሁለተኛ?" አላርፍ ያለ እግሯን ከጠረጴዛው ሥር በሌላው ረገጠችው።

"የቀረው ባዶ ከሆነ፣ ብሞላው ቅር አይልሽም አይደል?"

ተው ብትለው የተሸሸገ ነገር እንዳለ መናገሯ ነው። ሠራተኞቹ ደግሞ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ነው የተናገሩት።

"ይሙሉት" አለች።

የማይረባ ፋይል ይገለብጥበት ጀመር። የሰዎቹ ድምፅ ከሥሩ እየተደመሰሰ እንደሆነ ታውቃለች። መኮንኑ ግን ስክሪኑን ትቶ ፊቷን ነው የሚያየው። እንደምንም አዛጋች።

"ሂጂ" አላት በመጨረሻ።

ቤቷ ስትደርስ የተሸሸገው ክፍል አልከፈት አለ። ስታመነታ ቆይታ፣ ከቀረጸቻቸው ሠራተኞች መካከል በዕድሜ ትልቁ ለሆኑት ለአጎት ፓንግ ደወለች። ስልኩ ይጠለፍ ይሆናል ብላ፣

"አጎቴ፣ የሰጡኝ ዓሣ መንገድ ላይ ተበላሸብኝ" አለች።

ገባቸው። ሳላቸው እስኪበርድ ጠበቀች።

"አንቺስ ደህና ነሽ?"

"ደህና ነኝ።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ሌላ እናጠምዳለን። ብቻ ቶሎ ነይ ልጄ፣ ትንፋሼ እያለቀ ነው።"

በሌላ ኬላ ዞራ ሄደች። ፓንግ ትራስ ተደግፈው ጠበቋት። የፊተኛውን ያህል መናገር አልቻሉም፤ ብዙው ታሪክ ቀረ። ያኔ ፈርተው ያላነሱትን የአሠሪያቸውን ስም ግን አሁን ደጋግመው ጠሩት።

"ቀረጽሽው?"

"ቀርጬዋለሁ።"

ይህኛውን ቀረጻ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ድንበሩን አሻገረላት። ፊልሙ የሚጀምረው በዚያ ስም ነው። ፓንግ ግን ፊልሙን ለማየት አልደረሱም።