ድልድዩ ላይ የፊተኛው ቦታ

አሥር አለቃው አፋቸውን የከፈቱት ጥርስ ሠሪው ሙጫውን በጥብጦ ከጨረሰ በኋላ ነው። ትንሽ ቀደም ቢሉ ምን ነበረበት?

ሙጫው ከሁለት ጠርሙስ ተቀላቅሎ ሲደርቅ ጥርት ያለ ውሃ የሚመስል ነው። አንዴ ከተበጠበጠ ግን ሰው አይጠብቅም፤ ብርጭቆው ውስጥ እየሞቀ፣ እየወፈረ ሄዶ ድንጋይ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ከሙጫ የሚሠራው የትንሹ ወንዝ የታችኛው ንጣፍ ትናንት ፈስሶ ደርቋል። ዛሬ የላይኛው ፈስሶ ሥራው ሊያልቅ ነበር፤ ከሰዓት በኋላም አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ሊያዩት ይመጣሉ።

ጥርስ ሠሪው ቀን ቀን ሰው ሠራሽ ጥርስ ይሠራል። ከሥራ ሲመለስ በዚያው ቀጭን ብሩሽ፣ በዚያው ማጉያ መነጽር፣ አውራ ጣት የማያክሉ የብረት ወታደሮችን ቀለም ይቀባል። «አሻንጉሊት» ያለ እንግዳ ሻይ ሳይጠጣ ይሸኛል። የኮታቸው ቁልፍ ቀለም ስቷል ብሎ አንድ ሙሉ ጓድ አጥቦ እንደ አዲስ የቀባ ሰው ነው። ሚስቱ፣ «ለእኔ ቀሚስ እንዲህ ብትጨነቅ የት በደረስን» ትለዋለች።

ይሄኛው ሥራ ግን የቤተሰብ ነው፤ አምና የሞቱት የሚስቱ አባት በወጣትነታቸው የተዋጉበት ድልድይ። ድልድዩን ከክብሪት እንጨት ገጣጥሞ ያረጀ እንዲመስል ሻይ ውስጥ ነከረው። ለወንዙ ዳርቻ የጓሮ አፈር ነፍቶ ምድጃ ውስጥ አደረቀ። ከሁሉም ፊት፣ ጠመንጃውን ከራሱ በላይ ይዞ ለሚራመደው ወታደር ደግሞ አማቱ ከሰጡት አንድ ያረጀ ፎቶ ላይ እያየ የሟቹን ፊት ቀባለት። ሚስቱ ስታየው አለቀሰች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ይህንን ነው፤ አባቷ ድልድዩን ቀድመው የረገጡ ሰው ናቸው። ለትምህርት ቤት ጓደኞቿ አውርታዋለች፤ ለባሏም ገና ሲተዋወቁ የነገረችው ይህንኑ ነው።

አሥር አለቃው የሟቹ የጦር ጓደኛ ናቸው። የተጠሩት ለቀበቶ ቀለም ብቻ ነበር።

«ቀበቶው ልክ ነው» አሉ ጎንበስ ብለው። «እሱ ግን እዚህ አልነበረም።»

«ማን?»

«የሚስትህ አባት ነዋ። ከሥር ነበር፤ ውሃው ውስጥ፣ ከምሰሶው ጀርባ። እኔም ከጎኑ ነበርኩ። እስከ ወገባችን ገብተን ተኩሱ እስኪያልፍ እዚያው ቆምን።» ሻያቸውን ፉት አሉ። «ሆድ ይፍጀው ብለን የተውነው ነገር ነው። አንተ ግን ለቀበቶ ቀለም ሰው የምትጠራ ሆንክና ምን ላድርግ።»

ጥርስ ሠሪውን ላብ አጠመቀው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእሱ ነበር፤ ጠይቆ መለጠፍ ሲገባው ለጥፎ ጠየቀ። ወታደሩ በሽቦና በማይላቀቅ ማጣበቂያ ተተክሏል። ከሥር ላቁመው ቢል ደግሞ የወንዙ ግማሽ ደርቋል፤ እስከ ወገቡ እንዲሰጥም ከወገቡ መቆረጥ አለበት። የሚስቱን አባት በመጋዝ ቆርጦ፣ ከጀግኖች ፊት አንስቶ ውሃ ውስጥ ሊደብቃቸው ነው? ከድጡ ወደ ማጡ። ዝም ልበል ቢል ደግሞ ያን ሁሉ ቁልፍ ለምን አጥቦ ቀባ? ብርጭቆው መዳፉ ውስጥ መሞቅ ጀምሯል። ፈራ። ሚስቱን ፈራ፣ አማቱን ፈራ፣ ብርጭቆውንም ፈራ።

በሩ ተንኳኳ። አማት ደግሞ ቀድሞ እንጂ ዘግይቶ አይመጣም።

ሚስቱ እናቷን ደግፋ አስገባች። «ነይ እማዬ፣ አባዬን ላሳይሽ።» አሥር አለቃው ብድግ ብለው እጅ ነሱና ወደ ጥጉ ወንበር ሸሹ። ጥርስ ሠሪው ጠረጴዛውን በጀርባው ከልሎ ቆመ።

«እስቲ ዞር በልልኝ ልጄ።»

ዞር አለ። አማቱ መነጽራቸውን አድርገው ድልድዩን ከዳር እስከ ዳር አዩት። ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፊተኛው ወታደር ቀሰሩ።

«ይሄ እሱ ነው?»

ሚስቱ ቀድማ መለሰች። «እሱ ነዋ እማዬ፤ ፊቱን አታይውም?»

«ፊቱስ ፊቱ ነው። ቦታው ነው እንጂ የእሱ ያልሆነው።» ወደ ጥጉ ዞሩ። «እርስዎ እያሉ እንዴት እንዲህ ተሠራ?»

«አሁን እየነገርኩት ነበር» አሉ አሥር አለቃው፣ አለቃ ፊት እንደ ቀረበ ምልምል ቀጥ ብለው።

ሚስቱ ሦስቱንም ተራ በተራ አየች። «ምንድን ነው የምታወሩት?»

«አባትሽ ከድልድዩ ሥር ነበር። በተጋባን በዓመቱ ነገረኝ። ዝናብ በጣለ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣው ለምን ይመስልሽ ነበር?»

«ታዲያ ሲዋሸኝ ኖረ ማለት ነው?»

«ያወራው ጎረቤት ነው። እሱ በገዛ አፉ አንድ ቀን ብሎሽ ያውቃል?»

አሰበች። አላገኘችም። ፊቷ ሲገረጣ ባሏ አየ።

«ከፊት ከሄዱት አንድም የተመለሰ የለም» አሉ እናቷ ቀስ ብለው። «እሱም ከፊት ቢሆን ኖሮ አንቺን ማን ይወልድሽ ነበር?» ወደ አማቻቸው ዞሩ። «አንተስ ሚስት ከየት ታመጣ ነበር? በል ቁረጠው።»

ሙጫው መወፈር ጀምሯል። ጥርስ ሠሪው ስሱን መጋዝ አነሳ። ያ የተጨነቀለት ቀበቶ መጋዙ ሥር ገባ። ወታደሩን በወረንጦ ይዞ ከምሰሶው ጀርባ ሊያቆመው ሲል ሚስቱ ሳትጠራ መጥታ ወረንጦውን ተቀበለችው። ሙጫው ከብዶ ወረደ፤ ግን ወረደ። ጠመንጃውን ውሃ እንዳይነካበት ያነሳውን ትንሽ ሰው ወገቡ ላይ ያዘው። እንባዋ ቢወርድም ወረንጦውን አልለቀቀችም።

ድልድዩ ላይ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች ብቻቸውን ቀሩ።

«እነዚህን ነቅዬ ቦታውን ባዶ አደርገዋለሁ» አለ ጥርስ ሠሪው፣ እፎይ ሊል ምንም ሳይቀረው።

«እንዴት ባዶ?» አሉ አማቱ። «ቦታው ባለቤት አለው። ከፊት ሄዶ የቀረው ልጅ እናት አንድ ቀን ብትመጣ ምን ልታሳያት ነው?»

ሙጫው ሲይዝ ሚስቱ ወረንጦውን አስቀመጠች፤ ፊቷን ጠረገችና ወንበር ስባ ከአሥር አለቃው ፊት ተቀመጠች።

«አባባ፣ የፊተኛው ልጅ ምን ይመስል ነበር?»

ሻያቸው ቀዝቅዟል። ብርጭቆውን ወለሉ ላይ አስቀመጡት።

«ጆሮው ትልልቅ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «እንስቅበት ነበር።»