አውራ ጣታቸው ያረፈበት

የሰደበኝ የሚስቴ ታላቅ ወንድም ነው። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ አሥር ሊሆን ትንሽ ሲቀረው፣ ቦታው የገዛ ሳሎኔ፣ ያውም እኔ ራሴ የሠራሁትን ቁምሳጥን ተደግፎ። ሚስቴ ነበረች፣ እናቷ ነበሩ፣ ጎረቤታችንም ሊጠይቅ መጥቶ ነበር። "መዶሻ የለመደ እጅ ስልክ ሲመርጥ ይኸው ነው" አለ። ጎረቤቱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ሳሉንም አልረሳሁለትም።

የሚስቴ ወንድም በመሥሪያ ቤቱ አንድ ክፍል ይመራል፤ እኛ ቤት መጠሪያው "ኃላፊው" ነው። በዕድሜ ከእኔ በሁለት ዓመት ያንሳል፤ ሚስቴ ጋሼ ስለምትለው ግን እኔም ጋሼ እለዋለሁ፣ ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት። በሠርጌ ቀን ለዘመዶቹ ሲያስተዋውቀኝ "አናጢው" ብሎ ስሜን ዘሎታል። ልረሳው እችል ነበር። አልፈለግኩም።

ለዚያ ቅዳሜ ያበቃን ነገር ግን ቀልድ አልነበረም። አማቴ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። ሚስቴ ጠዋት ወጥታ ማታ ትገባለች፤ እኔ ደግሞ ግቢው ጥግ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ እውላለሁ፣ መጋዙ ሲጮህ የውጭ ድምፅ አይሰማኝም። ሐሙስ ዕለት አማቴ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ቁርጭምጭሚታቸው ዞረ። ስልካቸው እጃቸው ላይ እያለ፣ እየነካኩት፣ ሰው መጥራት አቅቷቸው ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጡ። ያገኘኋቸው ውኃ ልጠጣ ስገባ ነው። ስልኩን የገዛሁላቸው እኔ ነኝ፤ አንድሮይድ ነው፣ እንደ ራሴው።

ኃላፊው ሰድቦኝ ሲያበቃ ከኪሱ አይፎን አወጣ። ራሱ ይዞት የኖረ ነው፤ አዲስ ሲገዛ ለእናቱ አሰበው። ይኼን ሕፃንም ይጠቀምበታል አለ። ሚስቴ ነገሩ ሳይከር ገላገለችን፤ ሁለቱም ስልኮች አንድ ሳምንት እማማ ጋ ይቀመጡ፣ በሚመጣው ቅዳሜ በራቸውን ዘግተው ብቻቸውን የደወሉበት ይቀራል፣ ሌላው ይመለሳል።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ሳምንት የጀመርኩት የሱን ስልክ ላሸንፍ ነው።

እኔ በር ስገጥም ደንበኛውን "እጀታው የት ይሁን?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የገዛ እጁን ጠባይ አያውቅም። በሩን ያለ እጀታ አቆመዋለሁ፣ የሰውየውን መዳፍ ጠመኔ እቀባለሁ፣ "ግባ" እለዋለሁ። ነጩ ምልክት ካረፈበት ላይ እበሳለሁ። እስከ ዛሬ እጀታው ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ ብሎ የተመለሰ የለም።

እሑድ ጠዋት አማቴን ሶፋው ላይ አስቀምጬ ሁለቱንም እጃቸውን ጠመኔ ቀባሁ።

"ደግሞ ዛሬ ምን ልታደርገኝ ነው አንተ ልጅ?" አሉ።

"በር እየገጠምኩልዎ ነው እማማ።"

"ወዴት የሚያስገባ?"

"ወደ ልጅዎ።"

"እሷንስ በእግሬ ብፈልጋት ይቀለኛል" አሉና ስልኩን ተቀበሉኝ።

አማቴ አርባ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። ያዩትን ሁሉ የሚይዙት እንደ ጨርቅ ነው። በግራ መዳፋቸው ከሥር ጭምቅ ያደርጉታል፣ በቀኝ አውራ ጣታቸው ከዳር ወደ መሐል ያስተካክሉታል፣ ከዚያ ሊሰፉት ያሉ ይመስል ተጭነው ይቆያሉ። እኔ የገዛሁላቸውን ስልክ ከእጃቸው ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ዘንበል ሳደርገው የታችኛው ጠርዝ ዱቄት የፈሰሰበት መስሏል። መመለሻውን ጨምሮ ሦስቱ የመስታወቱ ቁልፎች ያሉት እዚያ ነው። እሳቸው ወደፊት ሲሉ መዳፋቸው መመለሻውን እየነካ ወደኋላ ሲያመጣቸው ነበር። ሁለቱ ሰዓት ሲሚንቶ ላይ ያለፈው እንዲህ ነው።

ስልኩ ጥፋት የለበትም፤ እኔ እጅ ላይ እንደ ሎሌ ይታዘዛል። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ለሳቸው እጅ በእኔ እጅ ለክቼ ገዛሁ። ለደንበኛ እንዲህ አድርጌ ብሆን መዶሻዬን በሸጥኩ።

ቶሎ እጄን አልሰጠሁም። ቁልፎቹን አጥፍቼ በማንሸራተት እንዲሠራ አደረግኩት፤ ያኔ ደግሞ ከቀኝም ከግራም ጠርዝ ወደ ውስጥ ሲጠርጉት ይመለሳል። አውራ ጣታቸው የሚነሣው ከቀኝ ጠርዝ። ጨርቁን ባስተካከሉ ቁጥር ከገቡበት ይወጣሉ። የኃላፊው ስልክ ላይ ከታች የሚነካ ቁልፍ የለም፤ መመለሻውም ከግራ ጠርዝ ብቻ ነው። የእሳቸው ቀኝ አውራ ጣት እንደ ልቡ ቢጠርግ ምንም አይበላሽም። ጠመኔው አላዳላም።

ጠመኔውን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጠርጌው ዝም ብል ማንም አያውቅም ነበር። መጥረጊያ ጨርቅ አንሥቼም ነበር። ግን አማቴ ሲሚንቶው ላይ ሆነው መጀመሪያ ያሉኝ "ሥራህን አስፈታሁህ" ነበር። ጨርቁን መልሼ ኪሴ ከተትኩ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት ለባላንጣዬ ስልክ ነው። የሰው ፎቶ ገጹ ላይ አስቀምጦ አንዴ ሲነኩት እንዲደውል ማድረግ በእኔው አንድ ደቂቃ ነው፤ በሱ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሰባተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ እንግሊዝኛው አልገባ ሲለኝ እየነካሁ፣ እየተመለስኩ፣ እንደገና እየነካሁ። ተጭነው ሲቆዩ ገጹ ላይ ያሉት ምልክቶች ሁሉ እንዳይንቀጠቀጡባቸው የንክኪውን ምላሽ ማዘግየቱንም አገኘሁት። ረቡዕ አለቀ። ፎቶዎቹን ጠመኔው ባሳየኝ ሰደርኳቸው። አውራ ጣታቸው ሳይለፋ የሚያርፍበት ላይ ሚስቴን፣ ቀጥሎ በሃያ እርምጃ የምገኘውን እኔን። ኃላፊው የሚኖረው ሩቅ ነው፤ ከላይ፣ የግራው ጥግ ደረሰው። ሥራዬን በሥርዓቱ ነው የሠራሁት። ደስ አላለኝም ግን አልልም።

ቅዳሜ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ በጠመኔ ሞከርኳቸው፤ ከሰዓት ኃላፊው መጣ። አማቴ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ። እኛ ሳሎን ተቀመጥን። ትንሽ ቆይቶ የሚስቴ ቦርሳ ውስጥ ስልክ ጮኸ። አንሥታ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው።

"ወድቄ አይደለም" አሉ እማማ፣ "ለፈተናው ነው።"

ሚስቴ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ወዲያው የእኔ ጮኸ። "አንተ ደግሞ፣ ይኼ በር ሲጢጥ ይላል፣ የሰው በር ስትገጥም ውለህ የራስህን ትረሳለህ" አሉኝ። ኃላፊው ስልኩን መዳፉ ላይ አድርጎ ጠበቀ። ጠበቀ። በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ እናቱ ክፍል ገባ፣ እኛም ተከተልነው።

አይፎኑ ጭናቸው ላይ ነው። ጎንበስ ብሎ አየው። "የኔን ማነው እዚህ የሰቀለው?"

"እጄ አይደርስበትም ልጄ" አሉ እናቱ።

ፊቱ ትንሽ ጠየመ፤ ግን ያሸነፈው ስልክ የሱ ነውና ቶሎ ፈካ። ወደ እህቱ ዞረ። "አላልኩሽም? ስልክ ለሚያውቅ ነው። አናጢ ምን አግብቶት።" ከዚያ እኔን ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ተማር" አለኝ።

አማቴ ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ፤ ቀኝ አውራ ጣታቸው ጥፍር ሥር ነጭ ጠመኔ አሁንም ነበረ። በዓይኔ ይተዉት አልኳቸው። ተዉት፤ ግን ስልኩን አንሥተው በዚያ አውራ ጣት አስተካከሉት፣ ከዳር ወደ መሐል፣ ምንም አልተበላሸም።

ከመደርደሪያው ዘይቱን አወረድኩ። የበሩ ማጠፊያዎች ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ አንጠባጠብኩ፣ ከፈትኩት፣ ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ድምፅ የለም። የእኔን ስልክ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኩ፣ መጋዙ ሲጮህም መንዘሩ እንዲሰማኝ። ኃላፊው አሁንም እያስረዳ ነበር። ወደ እንጨቴ ሄድኩ።