መድኃኒት የጠጣ ሽማግሌ

አቶ ወርቅአገኘሁ በክርክር ተሸንፈው አያውቁም፤ በሆዳቸው ግን ሃያ ዓመት ሙሉ ሲሸነፉ ኖረዋል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ኬሚስትሪ ሲያስተምሩ፣ ተማሪውንም ርእሰ መምህሩንም ለቁጥጥር የሚመጣውንም ሰው አፉን አስይዘው ሸኝተዋል። ሆዳቸውን ግን ማን ዝም ያሰኘው? ምሳ በተበላ በግማሽ ሰዓቱ እንደ ከበሮ ይወጠራል፤ ከዚያ ያጉረመርማል፤ ከዚያ እሳቸው ቀበቷቸውን በሁለት ቀዳዳ አላልተው፣ ጥፋተኛው ዘይቱ ነው፣ ዱቄቱ ነው፣ መንግሥት ነው እያሉ እስከ ማታ ይከራከራሉ።

ጡረታ ከወጡ ወዲህ ነገሩን በሳይንስ ያዙት። ከአልዩ አምባ እየመጣ ገበያ ላይ ቅመማ ቅመም የሚሸጠው የድሮ ወዳጃቸው ዓወል ሰናመኪና ጥቁር አዝሙድ አቀረበ። ከአዲስ አበባ ደግሞ ሁለት ብልቃጥ እንክብል አስመጡ፤ አንደኛው ምግብ እንዲፈጭ የሚያግዝ፣ ሁለተኛው ለአንጀት ይበጃል የተባለ ባክቴሪያ የታጨቀበት። የሁለቱም ብልቃጥ ወረቀት እዚህ አገር አንድም ሰው እንዳያነበው ታስቦ የተጻፈ ይመስል ፊደሉ እንደ ሰናፍጭ ፍሬ ደቋል። አቶ ወርቅአገኘሁ አጉሊ መነጽር አውጥተው አነበቡት። አንብበውም አልተስማሙም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጃቸው ራሔል ቤት ስትገባ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰናመኪው በሰሃን፣ ተልባው በብርጭቆ፣ እንክብሎቹ በቡና ሲኒ ተደርድረው አገኘች። ራሔል ፋርማሲስት ናት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አባት ስትመክር ውላ፣ ማታ የማይመከር አባት ዘንድ ነው የምትገባው።

«አባዬ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ሆድ ነው?»

«ይሄ ስልት ነው» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ። «ሰናመኪው ይጠርጋል። እንክብሉ ይፈጫል። ባክቴሪያው ያስተዳድራል።»

«ሰናመኪው ከጠረገው በኋላ እንክብሉ ምኑን ነው የሚፈጨው?»

«ነገ አንኮበር የምበላውን!»

«ተልባውስ?»

«ማለስለሻ።»

«ተልባ እኮ መድኃኒቱን ይዞ ያስቀረዋል። ቢያንስ በሁለት ሰዓት ማራራቅ አለብህ። ሰናመኪ ደግሞ ጨዋታ አይደለም፤ ከሌላ ነገር ጋር…»

«ተፈጥሯዊ ነው።»

«እባብም ተፈጥሯዊ ነው» አለች ራሔል፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ። «ያውም ነገ! ለሽምግልና በምትሄድበት ቀን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። ቃለ አብ የአቶ ወርቅአገኘሁ የሟች እኅታቸው ልጅ ነው፤ ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ቴክኒሺያን ሆኖ፣ አንኮበር የምታስተምር ማርያማዊት የምትባል ልጅ ወዷል፤ እሷም ወዳዋለች። የቀረው የአባቷ የአቶ ገብረመንፈስቅዱስ እሺታ ብቻ ነበር። ለዚያም ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ተልኳል። በመጀመሪያው «ዘመድ እንማከርበት» ተባሉ፤ ይህ ወግ ነው፣ የሴት ልጅ አባት በመጀመሪያው ቀን እሺ ካለ የገዛ ልጁን የጠላ ይመስላል። በሁለተኛው ቀን ግን ሰውየው ለጨዋታ ያህል «እኔ በዓመት ሁለቴ ኮሶዬን እየጠጣሁ፣ ይኸው ሰባ ዓመት ሞላኝ» ቢሉ፣ አቶ ወርቅአገኘሁ «ኮሶ መርዝ ነው» ብለው ተነሡ። ክርክሩ ሁለት ሰዓት ፈጀ። በመጨረሻ አቶ ገብረመንፈስቅዱስ «ኮሶ የጠጡ አባቶቼን ከሚሰድብ ሰው ጋር አልዛመድም» ብለው በሩን አሳዩአቸው።

ማርያማዊት አባቷ እግር ላይ ወድቃ አንድ ቀን ለመነች። ሦስተኛ፣ የመጨረሻም። አሳዳጊው ቀርቶ ሌላ ሰው እንዳይላክ ደግሞ፣ ልጁ ዘመድ የለውም ወይ ያሰኛል።

«ጋሼ» አላቸው ቃለ አብ፣ «እናቴ የተቀበረች ቀን አሳድገዋለሁ ያሉትን ያስቡና፣ ነገ አንድ ቃል አይተንፍሱ። አብረውዎት የሚሄዱት መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ይናገራሉ፤ እርስዎ ቁመው ብቻ ይመለሱ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ማሉለት። መሐላው ከበዳቸው፤ ግን ማሉ።

ይኸው ቃለ አብ ታዲያ ሳያስበው አሳስቷቸዋል። የማርያማዊት እናት በግ ማሳረዳቸውን፣ አባትየውም ልባቸው መራራቱን ሹክ አላቸው። አቶ ወርቅአገኘሁም ነገሩን እንደ ቀመር አሰሉት፦ በግ ከታረደ እሺታው አልቋል፤ እሺታው ካለቀ እንደ ደረሱ ይበላል፤ ከተበላ ሆድ ይነፋል፤ የሰው ድግስ ላይ ሥጋ መግፋት ደግሞ ስድብ ነው። እንክብሉ «ከምግብ ጋር» ይላል። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነሥተው ጠራጊውን፣ ፈጪውንና ገዢውን በተልባው በጥብጠው ጨለጡት። ዓወል ከሰናመኪው አንድ ቁንጥር ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን የዓወልን ቁንጥር ሚዛን የሌለው ልማድ ነው ብለው፣ በራሳቸው ስሌት ሁለት ማንኪያ አደረጉት።

በኮንትራት በያዙት መኪና ውስጥ፣ አብሯቸው ለሽምግልና የሚሄደው ዓወል ከጎናቸው ተቀምጦ አየሩን አሸተተ።

«ወርቄ፣ ሰናመኪ ሰናመኪ ትላለህ።»

«ጠጥቼ ነው።»

«ዛሬ? ስንት?»

«ሁለት ማንኪያ። ከሌሎች ጋር ተቀናጅቶ።»

«ያ ረቢ!» ዓወል ወደ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ዞረ። «መሪጌታ፣ ይሄ ሰው በሬ ያነጻል የሚባለውን ያህል ጠጥቶ ነው ለሽምግልና የመጣው! አንተ ሰው፣ የጠጣህ ቀን ቤትህ ዋል አላልኩህም?»

«ምክንያቱን አልነገርከኝም። ምክንያት የሌለው ምክር…»

«ምክንያቱን አንኮበር ስንደርስ ሆድህ ይነግርሃል።»

ሆድየው አንኮበር እስኪደርስ እንኳ አልጠበቀም። ከአንኮበር በፊት ያለችው ጎረቤላ ሲቃረቡ፣ መኪናው ጉድጓድ በመታ ቁጥር አቶ ወርቅአገኘሁ የበሩን እጀታ ጨብጠው ዓይናቸውን ይጨፍኑ ጀመር። ላብ በግንባራቸው ችፍ አለ፤ ውጭው ግን ጉም ነው፣ ጥርስ የሚያፋጭ ብርድ።

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ደርባባ ሰው ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን ግራና ቀኝ አስቀምጠው ጠበቋቸው። ከጓዳ የበግ ወጥ ይሸታል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ መሪጌታ ዘርአ ዳዊት፣ እንደ ወጉ።

ሦስቱም ደጃፉ አጠገብ ቆሙ። አቶ ወርቅአገኘሁ ያን ጊዜ ነው ስሌታቸው የዘለለውን ነገር ያዩት። ስንት ሰው ሲዳር ሽማግሌ ሆነዋል፤ መልስ ሳይሰማ እንደማይበላ፣ እንደማይቀመጥ፣ ከሁሉ ደግሞ ከደጃፍ እንደማይወጣ ያውቃሉ። መልስ ሳይሰማ የወጣ ሽማግሌ ጥያቄውን ይዞ ወጣ ማለት ነው። የዚህ ቤት ጥያቄ ደግሞ ከዛሬ ወዲያ አይመለስም።

መሪጌታ የመጡበትን በቅኔ ቤት ለዛ ጀመሩ፤ ከአዳምና ከሔዋን። ገና አብርሃም ላይ ሳይደርሱ የአቶ ወርቅአገኘሁ ሆድ ረጅም፣ ጥልቅ፣ መጨረሻው እንደ ጥያቄ ከፍ የሚል ድምፅ አሰማ።

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ቅንድባቸውን አነሡ። «አቤት? ምን አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ?»

አቶ ወርቅአገኘሁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምለዋል፣ አይናገሩም።

«ነጎድጓድ ነው» አለ ዓወል ቶሎ ብሎ። «ወደ እኛ፣ ወደ ቆላው እየዘነበ ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ለማሽላው ጥሩ ነው።»

መሪጌታ የኦሪቱን ትተው ወደ ጉዳዩ ዘለሉ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለው ጨረሱ። ሌላ አባት ቢሆን እዚያው ይመልስ ነበር። አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ግን ቂም ሲጥም ቶሎ አይውጡትም፤ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ዓይናቸውን አቶ ወርቅአገኘሁ ላይ ተከሉ።

«ባለፈው በዚህ ቤት ኮሶ ተሰድቧል» አሉ ቀስ ብለው።

ሆድ አጉረመረመ።

«የተሰደበው ኮሶ ብቻ አይደለም፤ አባቶቻችን ናቸው።»

ሆድ በቁጣ መለሰ።

«እዩት!» አሉ ሰውየው ወንድሞቻቸውን። «አፉን ቢዘጉበት በሆዱ ይከራከራል!»

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አለ ዓወል በሹክሹክታ፣ «ሰናመኪ ደግሞ ከነብቅሉ ያወጣዋል። ወርቄ፣ አላህ ያጽናህ።»

አቶ ወርቅአገኘሁ ጉልበታቸውን ገጥመው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የማርያማዊትን የምረቃ ፎቶ አተኩረው ያያሉ። ጥቁሩን ቆብ ደፍታ ትስቃለች። ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ያሳደጉት ልጅ ይህችን ፈገግታ ሊያጣ ነው፤ በማን? በሁለት ማንኪያ። በሩ ከጀርባቸው ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት እርምጃ!

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ግን አልቸኮሉም። «ኮሶ የሚጠጣ ሰው ሥርዓት ያውቃል። የጠጣ ቀን ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ አይቀበልም፣ እንግድነትም አይሄድም። ከኮሶው ጋር ሌላ መድኃኒት አይጨምርም። አንድ ሆድ፣ አንድ መድኃኒት፣ አንድ ቀን። ይሄ ስሕተት ነው በሉኝ እስቲ፣ እርስዎ የተማሩት!»

አቶ ወርቅአገኘሁ አፋቸውን ከፈቱ። መሪጌታ ዘርአ ዳዊት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዓወል «ቢስሚላህ» አለ።

«ትክክል ነዎት።»

ጓዳ ውስጥ ማማሰያ ወደቀ።

«ምን አሉ?»

«ትክክል ነዎት አልኩ። ተሳስቻለሁ።»

«ስለ ኮሶው?»

«ስለ ኮሶው እንኳ፣ በኬሚስትሪ ካየነው…» ሆዳቸው እንደ ተራራ ናዳ ተንኮታኮተ። «ስለ ሁሉም! ስለ ሁሉም ተሳስቻለሁ! ዛሬ ሳይነጋ አራት ነገር ደባልቄ ጠጣሁ። ልጄ አትደባልቅ አለችኝ፣ ዓወል ቤትህ ዋል አለኝ፤ አልሰማሁም። ቤቴ መዋል ነበረብኝ። ግን ያን ልጅ አሳድገዋለሁ ብዬ እኅቴን ቀብሬያለሁ፤ መልሱን ሳልሰማ እዚሁ ብዋረድ እዋረዳለሁ እንጂ ከዚህ ደጃፍ አልወጣም። እባክዎን ጌታዬ፣ እምቢም ከሆነ እሺም ከሆነ፣ አጠር ያድርጉልኝ!»

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ መጀመሪያ የሰውየውን ፊት አዩ፤ እንደ ሻማ ነጥቷል። ቀጥሎ ጉልበቱን አዩ። ከዚያ አንድ ነገር ከደረታቸው ተነሥቶ ትከሻቸውን አነቃነቀው፤ ወንድሞቻቸው ያለቀሱ መስሏቸው ደንግጠው ነበር።

«ሰጥቻለሁ!» አሉ ሣቁ እያነቃቸው። «ለልጁ ሲል እንዲህ የሚቆም ሰው ካሳደገው፣ ልጄን ሰጥቻለሁ! ሂድ፣ አንተ ሰው፣ ሂድ! ከበረቱ ጀርባ ነው፣ በግራ! አስካለ፣ ውኃ በጆግ አስይዢው!»

እልልታው የተነሣው ለማርያማዊት ነው። አቶ ወርቅአገኘሁ ግን ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጆግ ይዘው በጉሙ ውስጥ ሲሮጡ፣ ለእሳቸው የተባለ መሰላቸው።

በጉ ሲቀርብ እሳቸው አልቀመሱም። የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አስካለ ጨው ጣል ያለበት የገብስ አጥሚት በብርጭቆ ሰጧቸውና፣ እሳቸው ሌላው ሥጋውን ሲያወራርድ እያዩ ፉት አሉ። ዓወል ለእሱ በቀረበለት ሽሮ ውስጥ እንጀራውን እያጠቀሰ «አይዞህ፣ ስሌቱ ትክክል ነበር፤ ሆዱ ነው የተሳሳተው» እያለ ቁስላቸውን ይነካካል። ከሰዓት በኋላ ከበረቱ ጀርባ አራት ጊዜ ተመላለሱ።

ከአራተኛው ሲመለሱ አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ወንበራቸውን አስጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። በእጃቸው ቀበቷቸውን ያላላሉ።

«እኔ የምለው አማች፤ ያ ይፈጫል የሚሉት እንክብል… ከሥጋ በኋላ የሚነፋ ሆድ ያስተነፍሳል?»

«እርስዎን? ኮሶዬን እየጠጣሁ ሰባ ዓመት ሞላኝ ብለው የለ!»

«ኮሶው ትሉን ያወጣል። ንፋሱን ግን…» ሰውየው ወዲያና ወዲህ አዩ፤ «ንፋሱን አያውቀውም።»

እንግዲህ ለአቶ ወርቅአገኘሁ ከዚህ የበለጠ ድል ከየት ይመጣል? ባላንጣቸው በገዛ አፉ ተያዘ፤ ያውም በገዛ ቤቱ። ምላሳቸው ተሳለ። ከዚያ በእጃቸው ያለውን የአጥሚት ብርጭቆ አዩት።

«ልጄን ራሔልን ይጠይቋት» አሉ። «ፋርማሲስት ናት። ከኮሶው ጋር እንዳይወስዱት ትልዎታለች፤ ይስሟት። እስከ ዛሬ የማልሰማት እኔ ብቻ ነበርኩ።»

አቶ ገብረመንፈስቅዱስ ተገርመው እጃቸውን ጨበጧቸው። መሪጌታ ዘርአ ዳዊትም «ታምር ነው» አሉ።

«ኮሶን በተመለከተ ግን» አሉ አቶ ወርቅአገኘሁ ጣታቸውን አንሥተው፣ «አንድ ነገር ብቻ…»

ሆዳቸው ቀደማቸው። ጣታቸውን እንዳነሡ፣ ጆጉን በሌላው እጃቸው ይዘው ወጡ።