ድምፅ የሚሰጥበት ቤት

አክስቴ አንዴ እምቢ ካለች እምቢ ነው፤ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃታል። ባለፈው የአካባቢ ምርጫ ድምፅ መስጫው ፎቅ ላይ ስለነበር፣ ሁለት ጎረምሶች ከነተሽከርካሪ ወንበሯ ተሸክመው አወጧት። ስትመለስ ፊቷ ደም መስሎ ነበር። «ሁለተኛ እንደ ጆንያ ተጭኜ አልመርጥም!» አለች፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ዘንድሮ የሰፈራችንን ድምፅ መስጫ ቦታ እንድመርጥ የታዘዝኩት ደግሞ እኔው ሆንኩ። የምርጫ ቢሮው አለቃዬ «እስከ ነገ ደረጃ የሌለው ቤት ካላገኘሽ ያው ፎቁ ይጸናል» ብሎኛል። ያላንኳኳሁት በር የለም። የልብስ ሰፊዋ ሱቅ ሰፊነቱ በስም ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው ይታፈናል። መጠጥ ቤቱ ይበቃ ነበር፤ ባለቤቱ ግን ራሱ ተወዳዳሪ ነው። እግሬ ዝሎ ወደ አክስቴ ቤት ሳዘግም፣ ከአጥሯ ጎን ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ዓይኔ ውስጥ ገባ። በሩ ረጃጅም ጣውላ የሚያስገባ፣ ወለሉ ከመንገዱ እኩል፣ ብርሃኑም ሞልቶ የተረፈ! አፍንጫዬ ሥር ያለውን ትቼ ሰፈር ለሰፈር ስንከራተት መዋሌ አናደደኝ።

ችግሩ፣ አናጢውና አክስቴ ዓይንና ናጫ ናቸው። በመጋዙ ጩኸት ስንት ጊዜ ከስሳዋለች። ምሳ ወጥቶ ስለነበር ደወልኩለት።

«ጋሼ፣ ለድምፅ ጉዳይ ነው የምፈልግዎት። ደጅዎ ላይ ነኝ።»

ልቀጥል ስል የስልኬ ባትሪ አለቀ። ብዙም ሳይቆይ አናጢው ላብ በላብ ሆኖ ከተፍ አለ።

«ድምፅ! ድምፅ! ይኸው ማሽኑ ጠፍቷል! ዛሬ ደግሞ ማን ከሰሰኝ? እሷው ናት አይደል?»

«ኧረ ጋሼ፣ ሰው እዚህ መጥቶ ድምፅ እንዲሰጥ ነው።»

«የኔው ጩኸት አንሶ ነው ሰው ሰብስባችሁ የምታስጮሁብኝ?»

ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። «የምርጫ ድምፅ ነው፣ ጋሼ!»

እሱም ሲገባው ሳቀና ወደ አክስቴ ቤት በአገጩ ጠቆመኝ። «እሷም ልትመጣ ነው?»

«በሩ ካስገባት።»

«እንግዲያው ትምጣና ትሞክረው።»

አክስቴ ስነግራት «የሱን ደጃፍ ከምረግጥ ሞቼ ልገኝ!» አለች። እንዲያም ሆኖ ነጠላዋን አስተካክላ መጣች፤ ማየት ትወዳለች። በሩ ለወንበሯ ሰፊ ነበር፤ የፊት ጎማው ግን የበሩ የብረት ደፍ ላይ ተቀረቀረ። ላግዛት ብል እጄን መታችኝ።

አናጢው መጋዙን አስነሳው። ሰፈሩ ተናወጠ። ከወፍራም ጣውላ ተዳፋት ነገር ቆርጦ ደፉ ላይ አጋደመና ይቸነክር ጀመር። አክስቴ ጆሮዋን ትይዛለች ብዬ ሳያት አንገቷን አስግጋ ሥራውን ትቆጣጠራለች።

«ጠበቅ አድርገህ ምታው» አለችው።

በምርጫው ቀን በዚያ ጣውላ ላይ ብቻዋን ወጥታ ገባች። ወረቀቷን ተቀብላ ከመጋረጃው ኋላ ሄደች፤ ሄዳም ቀረች። ሰልፈኛው ማጉረምረም ጀመረ። ሰጋሁና ጠጋ ብዬ «አክስቴ፣ ደህና ነሽ?» አልኳት።

«ተይኝ እስቲ! ያን ጊዜ እነዚያ ልጆች ሊያወርዱኝ አናቴ ላይ ቆመው ሲጠብቁ፣ አፍሬ እጄ ያረፈበት ላይ ነው ምልክት ያደረግሁት። ዛሬ እያነበብኩ ነው።»

እኔ እኮ ያናደዳት መሸከሙ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከሰልፉ መሀል አናጢው «እያነበቡ ነው፤ እንጠብቅ» አለ። እኔም ማንም እንዳያጣድፋት መጋረጃው አጠገብ ቆምኩ፤ አክስቴም እስከ መጨረሻው ስም ድረስ አነበበች።